ፓውዛውን ወደ መሬት አዙሩልን

ለ፦ የውጭ መብራት ደንብ ለምታወጡና ለምታጸድቁ የከተማ አስተዳደሮች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ወደ ሰማይ የሚፈሰውን መብራት ደንብ አውጥቶ ስለመገደብ

የተከበራችሁ ደንብ አውጪዎች፣

ደብዳቤዬን በኑዛዜ ብጀምረው ይሻላል። እኔ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነኝ። ኑሮዬ መሰላል ላይ ነው። ግድግዳ እበሳለሁ፣ ገመድ እስባለሁ፣ ፓውዛ እሰቅላለሁ። እስከ ዛሬ ከሰቀልኳቸው ፓውዛዎች አብዛኞቹ ፊታቸውን ቀና አድርገው ነው የሚያበሩት። ተንኮል አልነበረበትም። ቀና ሲል ሩቅ ያበራል፣ ሩቅ ሲያበራ ደንበኛ ደስ ይለዋል፣ ደስ ያለው ደንበኛ ደግሞ ሳያንገራግር ይከፍላል። ከአጥሩ ወዲያ ያለፈው ብርሃን የት እንደሚገባ ጠይቄ አላውቅም። የጠየቀኝም የለም።

ነገሩ የገባኝ አንዲት እናት ቤት ነው። ደውለው "ልጄ፣ መብራት ታጠፋልኛለህ?" አሉኝ። መብራት አብራልኝ የሚለኝ እንጂ አጥፋልኝ የሚለኝ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። "የትኛውን ነው እማማ?" ስላቸው፣ "የኔ መች ሆነና!" አሉ።

ማታ ሄድኩ። የመኝታ ቤታቸው መስኮት ላይ ብርድ ልብስ በሚስማር ተመትቷል። ጫፉን ገለጥ ሲያደርጉት የጎረቤት ፓውዛ ፊት ለፊት ተደቀነብን። አልጋው፣ ግድግዳው፣ የእሳቸው ፊት፣ ሁሉም በአንዴ ነጭ ሆነ። ዞር ስል ጥላዬ ግድግዳው ላይ እንደ ሁለተኛ ሰው ቆሟል። ያንን ፓውዛ አወቅኩት። የሰቀልኩት እኔው ነበርኩ።

አልነገርኳቸውም። ይህን ካነበቡት ይቅር ይበሉኝ።

ጎረቤታቸውን አስፈቅጄ መሰላሌን አቆምኩ። ፓውዛ ከመያዣው ጋር የሚታሰረው ግራና ቀኝ ባለ ብሎን ነው። ሁለቱን ላላ አድርጌ፣ መስታወቱ መሬቱን እስኪያይ ድረስ ደፋሁትና መልሼ አጠበቅኩት። ከታች የባለቤቱ ድምፅ መጣ፤ "ኧረ አጨለምከው!"

"ጋሼ፣ እስቲ የግቢው በር ጋ ሄደው ወደ ቤቱ ይዩ" አልኳቸው።

ሄዱ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ "ያ ጥግ ላይ ያለው በርሜል ነው እንዴ?" አሉ። በርሜሉ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነበር። ፓውዛው ዓይናቸው ውስጥ እየገባ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ጋርዶባቸው ነው የኖረው። ሌባ እዚያ ጥግ ቢቆም ኖሮ መብራቱ የሚያግዘው እሱን ነበር።

ሥራው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። አንድም ዕቃ አልተገዛም።

በማግስቱ እማማ ደወሉ። ሊያመሰግኑኝ መስሎኝ ነበር። "ብርድ ልብሱን አወረድኩት፤ አሁን ደግሞ ያኛው ገባ" አሉኝ። ያኛው ያሉት ከመንገዱ ማዶ ያለውን ቢልቦርድ ነው። ከሥሩ አራት መብራቶች ወደ ላይ ተተክለውለታል፤ ግማሹ ብርሃን ማስታወቂያው ላይ ያርፋል፣ ግማሹ ጨርሶ አልፎት ይሄዳል። የዚህን ባለቤት የት አግኝቼ ላስፈቅድ? የማንን በር ላንኳኳ? የእኔ መሰላል እዚያ አይደርስም። እዚያ የሚደርሰው ደንብ ብቻ ነው። የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው።

ወደ ላይ የወጣ ብርሃን በዚያው ሄዶ አይቀርም። አየሩ ውስጥ አቧራ አለ፣ እርጥበት አለ፣ የአየሩ ቅንጣቶች ራሳቸው አሉ። ብርሃኑ እነሱን እየመታ ይበተናል፤ ከፊሉም ተመልሶ ወደ እኛ ይወርዳል። ማታ ከከተማ በላይ የሚታየው ያ የነጣ ጉልላት ከዚህ የመጣ ነው። ከዋክብቱ ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። ፊታቸው ላይ መጋረጃ ጥለንባቸው ነው።

ለሙያ ባልደረቦቼ የምነግራቸው አንድ ነገር አለ፤ ለእናንተም ይጠቅማችኋል። ከሁሉ የከፋው ቀጥ ብሎ ሽቅብ የሚወጣው ብርሃን አይደለም። ከአግድም ትንሽ ብቻ ቀና ብሎ የሚወጣው ነው። እሱ አየር ውስጥ ረጅም መንገድ ስለሚጓዝ ብዙ ይበተናል፤ ከከተማው ርቆ ያለውን የገጠር ሰማይ ሳይቀር ያበላሻል። እኔ ስሰቅል የኖርኩት ልክ እንደዚያ ነው። ትንሽ ቀና አድርጌ።

ቀለሙም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ቀን ሰማዩን ሰማያዊ የሚያደርገው፣ ሰማያዊ ብርሃን ከቀዩ ይልቅ አየር ውስጥ በቀላሉ ስለሚበተን ነው። ማታም ሕጉ ያው ነው። ድሮ መንገድ ላይ የምናውቀው ብርቱካናማው የሶዲየም መብራት ሰማያዊ የለውም ማለት ይቻላል። እሱን አውርደን የተካነው ነጭ ኤል ኢ ዲ ግን ብዙ አለው። የብርሃን ቀለም የሚለካው በኬልቪን ነው፤ ካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን ወይም 5000 ኬልቪን የሚል ካያችሁ ሰማያዊ የበዛበት ነው ማለት ነው። 2700 እና 2200 የሚለው ወደ ሻማ ቀለም የተጠጋ ነው። ደንበኛ ግን ሱቅ ገብቶ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ "ነጩን ስጠኝ፣ እሱ ያበራል" ይላል። ዓይን ይወጋል ቢል ለእውነቱ ይቀርብ ነበር።

ኤል ኢ ዲን እየሰደብኩ አይደለም። ሰማያዊውን ኤል ኢ ዲ የፈጠሩት ሦስት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመውበታል፤ ይገባቸዋልም። ጥፋቱ የእኛ ሒሳብ ላይ ነው። ሰው አሁንም መብራት የሚገዛው በዋት ነው። ዋት ግን የሚበላውን ኤሌክትሪክ እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አይነግርም፤ ብርሃኑን የሚነግረው ሉመን ነው። ባለ 100 ዋቱ የድሮ አምፖል 1,500 ሉመን ገደማ ብርሃን ይሰጥ ነበር። ዛሬ ባለ 100 ዋት የኤል ኢ ዲ ፓውዛ 10,000 ሉመን ገደማ ይሰጣል። ደንበኛዬ "100 ዋት ይበቃኛል" ሲለኝ፣ የድሮውን አምፖል እያሰበ ስድስት ሰባቱን በአንድ ላይ ነው የሚያሰቅለኝ። አንድ ብርሃን ርካሽ በሆነ ቁጥር ቆጥበን ኪሳችን የምንከት ይመስለናል። የምናደርገው ግን ሌላ መጨመር ነው።

ጉዳቱ ምን ያህል ነው ካላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የዓለም የሰማይ ብርሃን ካርታ እንደሚለው ከዓለም ሕዝብ ከ80 በመቶ በላይ የሚኖረው ሰው ሠራሽ ብርሃን ባበላሸው ሰማይ ሥር ነው። ከሰው ልጅ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ደግሞ ካለበት ቦታ ሆኖ ፍኖተ ሐሊብን ማየት አይችልም። የራሳችን ጋላክሲ እኮ ነው! ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ጥናት ወጣ። ተራ ሰዎች ከያሉበት በዓይናቸው አይተው የላኩት ከ51,000 በላይ ምልከታ ተሰብስቦ ሲተነተን፣ የሌሊቱ ሰማይ ብርሃን ከ2011 እስከ 2022 በየዓመቱ በአማካይ ወደ 10 በመቶ ሲጨምር እንደኖረ ታየ። በዚህ አካሄድ 250 ኮከብ በሚታይበት ቦታ የተወለደ ሕፃን 18 ዓመት ሲሞላው የሚያየው 100 ብቻ ነው። እኔ ይህን ሳነብ የመጀመሪያ ሐሳቤ "ስንቱን የከደንኩት እኔ ነኝ?" የሚል ነበር።

ጉዳዩ የከዋክብት ተመራማሪዎች ቅንጦት ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ወፎቹን ጠይቁ። ብዙ ወፎች ረጅም ጉዟቸውን የሚያደርጉት በሌሊት ነው። ኒውዮርክ ውስጥ በየዓመቱ መስከረም ወር ላይ ለአንድ ሌሊት ለመታሰቢያ ወደ ሰማይ የሚለቀቁ ሁለት ግዙፍ የብርሃን ዓምዶች አሉ። ተመራማሪዎች እዚያ ሰባት ሌሊቶችን በተለያዩ ዓመታት አጥንተው፣ በድምሩ 1.1 ሚሊዮን ገደማ ወፎች በብርሃኑ ምክንያት ከአካሄዳቸው እንደተዛነፉ ገመቱ። ወፎቹ ብርሃኑ ውስጥ እየተሽከረከሩና እየጮኹ ይቀራሉ። ልቤን የነካው ግን ከዚያ የሚቀጥለው ነው። መብራቱ ለ20 ደቂቃ ያህል ሲጠፋ ወፎቹ ወዲያው ተበትነው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። የፕላስቲክ ቆሻሻ ባሕር ውስጥ ዘመናት ይቆያል። ይህኛው ብክለት ማብሪያና ማጥፊያ አለው።

የእሳት ራቶቹንማ እኔው ራሴ አያቸዋለሁ። ፓውዛ ላጸዳ ስወጣ መስታወቱ ጥግ ላይ የተከማቸውን የነፍሳት ሬሳ በመጥረጊያ ነው የምጠርገው።

አሁን ዋናው ጥያቄ ላይ እንምጣ። ይህን ሐሳብ ባነሳሁ ቁጥር "ሌባስ?" ይሉኛል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ አላድበሰብሰውም። መብራት ወንጀል የሚቀንስበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ኒውዮርክ ውስጥ በመንግሥት የመኖሪያ ሰፈሮች ላይ ጊዜያዊ መብራቶች ተተክለው ሲሞከር፣ ከቤት ውጭ የሚፈጸመው ከባድ የሌሊት ወንጀል ከሲሶ በላይ ቀንሷል። በሌላ በኩል እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ 62 የአካባቢ አስተዳደሮች የመንገድ መብራታቸውን ሲያደበዝዙ፣ ሲያጠፉ ወይም ሲቀይሩ የሆነውን የመረመረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ወጥቶ ነበር፤ አደጋም ወንጀልም እንደጨመረ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። እኔ ከሁለቱ የምረዳው ቦታው ይወስነዋል ብዬ ነው። ሰው የሚያልፍበት ጨለማ መንገድ መብራት ይተከልለት። እኔው እተክላለሁ፣ እንጀራዬ ነው። ግን የሚያልፍበት ሰው የሚረግጠው መሬት እንጂ ደመና አይደለም። ያ በርሜል የታየው መብራቱ ሲጨመር አይደለም፤ ሲደፋ ነው።

ዓይናችንም የራሱ ጠባይ አለው። ጨለማን በደንብ ለመልመድ 20 እና 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ ዓይን የሚወጋ ፓውዛ ያንን ሁሉ በቅጽበት ያፈርሰዋል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ይብሳል። የዓይን ሌንስ እየደፈረሰ ሲሄድ ብርሃኑን ውስጥ ለውስጥ ይበትነዋል። ሽማግሌ ሹፌር ከፊቱ የሚመጣ መብራት ሲያሳውረው አይታችሁ ይሆናል። ለአረጋውያን ብላችሁ መብራት የምትጨምሩ ከሆነ፣ እባካችሁ ዓይናቸው ላይ አትጨምሩት።

ከእናንተ የምፈልገው ደንብ ረጅም መሆን የለበትም። እውነቱን ለመናገር ረጅም ከሆነ የሚያነበው የለም፤ እኛ መሰላል ላይ ያለን ሰዎች ደግሞ ከሁሉ ቀድመን አናነበውም። የውጭ መብራት ሁሉ ከላይና ከጎን የተከደነ ይሁን፣ ከአግድም በላይ ምንም አይልቀቅ። ቀለሙ ከ3000 ኬልቪን አይብለጥ፤ የሚቻል ከሆነ 2700 ወይም 2200 ይሁን። ማንም በማይኖርበት ሰዓት ይደብዝዝ ወይም ይጥፋ፤ ታይመርና ሴንሰር የሚባል ነገር ዛሬ ብርቅ አይደለም። የብርሃኑ መጠን ጣሪያ ይኑረው፣ ጣሪያውም በሉመን እንጂ በዋት አይጻፍ። በዋት ከጻፋችሁት ነገ የተሻለ አምፖል ሲወጣ ደንቡ ትርጉም ያጣል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ። ደንቡን የመንገድ መብራት ላይ ብቻ አታቁሙት። ብዙ ቦታ እንደዚያ ሲደረግ አያለሁ፤ ምክንያቱም የመንገዱ ምሰሶ የራሳችሁ ነው፣ ትዕዛዝ ይበቃዋል። ነገር ግን አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ ያለችው የቱሳን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2019 ጥሩ ሙከራ አድርጋለች። ለአሥር ሌሊት የመንገድ መብራቶቿን ብርሃን ከፍ ዝቅ እያደረገች ከሳተላይት ታየች። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከከተማዋ ወደ ሰማይ ከሚወጣው ብርሃን የመንገድ መብራቱ ድርሻ 13 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሌላው ከየት መጣ? ከቢልቦርድ፣ ከመኪና ማቆሚያ፣ ከሕንፃ ግንባር፣ ከስታዲየም፣ ከእኔ ፓውዛዎች። እርግጥ ቱሳን ከዚያ በፊትም የመንገድ መብራቷን በጥንቃቄ የምትይዝ ከተማ ናት፤ ሁሉም ጋ ቁጥሩ አንድ አይሆንም። ግን ምሰሶዎቹን ብቻ አስተካክሎ ሥራ ጨረስኩ ማለት እንደማይቻል በግልጽ ያሳያል።

ይህ ደግሞ ያልተሞከረ ነገር አይደለም። እዚያው አሪዞና ፍላግስታፍ የምትባለው ከተማ፣ ፕሉቶ እ.ኤ.አ. በ1930 የተገኘበት የሎውል ኦብዘርቫቶሪ፣ ማለትም የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ፣ ያለባት ናት። እ.ኤ.አ. በ1958 ሰማዩን እየጠራረጉ ለማስታወቂያ የሚያበሩ ፓውዛዎችን በሕግ ከለከለች። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ በዓለም የመጀመሪያዋ የጨለማ ሰማይ ከተማ ተብላ ተሰየመች። ሰዎች ይኖሩባታል፣ ይነግዱባታል፣ ማታ ይሄዱባታል። ስፔን በካናሪ ደሴቶች ያሉትን ኦብዘርቫቶሪዎች ሰማይ የሚጠብቅ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1988 አውጥታለች። ስሎቬንያ እ.ኤ.አ. በ2007 አገር አቀፍ ደንብ ይዛ መጣች። ከሁሉ እኔ የምወደው የፈረንሳይን ነው፤ ምክንያቱም ሱቁንም ቢሮውንም አይምርም። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የሱቅ መስኮት መብራት በአጠቃላይ ከሌሊቱ 7 ሰዓት በፊት መጥፋት አለበት፤ የቢሮ ውስጥ መብራትም ሠራተኛው ከወጣ ከአንድ ሰዓት በኋላ አይበራም። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ላይ የወጣው ትዕዛዝ ደግሞ ለብዙ የውጭ መብራቶች የ3000 ኬልቪን ጣሪያ አስቀመጠ።

"ማን ይቆጣጠረዋል?" ትሉ ይሆናል። ደንብ ወጥቶ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ሁላችንም አይተናል። እዚህ ላይ ሙያዬ ይናገር። ይህን ደንብ ለመቆጣጠር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ተቆጣጣሪው ማታ ከአጥሩ ውጭ ይቁም። የሚበራውን መሬት ካየ ደግ ነው። አምፖሉን ራሱን ካየና ዓይኑን ካስጨፈነው ግን መብራቱ ስህተት ነው። አበቃ። በስልክ ፎቶ ያንሳ፣ ለባለቤቱ ያሳይ፣ የሚያስተካክልበት ጊዜ ይስጠው። አብዛኛው ሰው የሚጣላችሁ አይመስለኝም። ያ ጎረቤት እንኳ አልተጣላኝም፤ አሁን የጓሮውንም አስደፍቶኛል።

ቅጣት ላይ ከመሮጣችሁ በፊት ግን ሁለት በሮችን ዝጉ። አንዱ ሱቁ ነው። የማይከደን የውጭ መብራት መደርደሪያ ላይ እስካለ ድረስ ሰው ይገዛዋል፣ እኔም እሰቅለዋለሁ። ካርቶኑ ላይ ሉመኑና ኬልቪኑ ጎላ ብሎ እንዲጻፍ አስገድዱ። ሌላው የግንባታ ፈቃድ ነው። አዲስ ሕንፃ ፕላኑን ሲያመጣ የውጭ መብራቱን ፕላን አብሮ ያምጣ። ከተሰቀለ በኋላ ማስወረድ ሁሌም ጭቅጭቅ ነው። ወረቀት ላይ እያለ ግን ማስተካከያው የእርሳስ ሥራ ነው። ለነባሮቹ ደግሞ ሁለት ሦስት ዓመት ጊዜ ስጡ፤ አምፖል በራሱ ጊዜ ይቃጠላል፣ ሲቃጠል በትክክለኛው ይተካል። የሚደፉትን ግን ዛሬውኑ መድፋት ይቻላል።

እኔ የራሴን ጀምሬያለሁ። የድሮ ደንበኞቼን ስልክ ቁጥር አውጥቼ በየተራ እየደወልኩ ነው። "ምን ልትሸጥልን ነው?" ይላሉ መጀመሪያ። "ምንም፣ ብሎን ላላላ ነው" እላለሁ። ገሚሱ ይስቃል፣ ገሚሱ "ና" ይላል። እስካሁን ሃያ ሦስት ደፍቻለሁ። ያ ቢልቦርድ ግን አሁንም እንደበራ ነው፤ እማማም ብርድ ልብሱን መልሰው ሰቅለዋል። ሚስማሩን የመታሁላቸው እኔ ነኝ።

ረቂቁን ስታዘጋጁ የሚሰቅል ሰው አስተያየት ካስፈለጋችሁ፣ ጥሩኝ። መሰላሌን ይዤ እመጣለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣

አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለቢልቦርዱ ባለቤት፣ ማን እንደሆኑ ባላውቅም